ሬዲዮ የምትሰማዋ ሎሚ

ባሌ የባዮሎጂ አስተማሪ ነው። አስቀድሜ የምናገረው ጥፋቱ እንዲቀልለት ነው። ጅግጅጋ በተከራየነው ግቢ፣ በሁለት የዘይት ቆርቆሮ ያፈላኋቸው ሁለት የሎሚ ችግኞች ነበሩኝ። ዘራቸውን ያመጣሁት ደሴ ከእናቴ ጓሮ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ተሸጠ፤ ገዢው ሎሚውን ከሥሩ ቆርጦ ግንብ ሠራበት። ከእሷ ጓሮ የቀሩኝ እነዚያ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። አንድ ቀን ባሌ ተክል ድምፅ ከሰማ ፈጥኖ ያድጋል የሚል ወሬ ይዞ መጣ። "እንሞክረዋለን" አለ። በማን? በእኔ ሎሚ! አንዷን ግድግዳው ሥር አስቀምጦ ሬዲዮናችንን ከአናቷ ሰቀለላት። ሌላዋን ግቢው ጥግ ወስዶ ዙሪያዋን በሲባጎ አጠረና ማንም አጠገቧ እንዳይደርስ፣ እንዳያወራም አወጀ። ውሃው ለሁለቱም እኩል፣ በቀን አንድ አንድ ኩባያ ሆነ። ጠዋት ሲነሳ ሬዲዮ ሰሚዋን "እንደምን አደርሽ?" ይላታል። እኔን የሚጠይቀኝ ካልሲው የት እንዳለ ነው።

ልቤን አወለቀው። አትክልት ያጠብኩበትን ውሃ እሱ ሳያይ ለሁለቱም አካፍላቸው ስለነበር እኩል አደጉ፤ እሱም "ለምን ልዩነት አጣሁ?" እያለ ተከዘ።

ነርስ ነኝ። በዚያው በጋ ለክትባት ሥራ ሐርተሼክ፣ የስደተኞች ካምፕ ተልኬ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ስመለስ ባሌ ደብተሩን ይዞ በር ላይ ተቀበለኝ። "ተሳካ!" አለ፣ ደህና ገባሽ እንኳ ሳይለኝ። ሬዲዮ ሰሚዋ ለምልማለች። የጥጓ ደርቃ ቀርታለች፤ ቅጠሏን ስነካው እጄ ላይ ተሰባበረ። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እሱ ደግሞ "የሙከራው ውጤት እኮ ነው!" ይለኛል።

ለቅሶዬን ሰምተው ጎረቤታችን ሶማሊዋ አሮጊት ብቅ አሉ።

"አባዮ፣ እህቴ፣ ምን ሆንሽ?"

ነገርኳቸው። ወደ ባሌ ዞሩ። "ማአሊን" ነው የሚሉት፣ አስተማሪ ማለታቸው ነው።

"ማአሊን፣ አንተ አመሻሽ ላይ የማታ ተማሪዎችህ ጋ ነህ፣ አታይም። እሷ ከሄደች ወዲህ የኛ ሽማግሌዎች የሶማሊኛ ዜና ሊሰሙ እዚህ ይመጣሉ። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ውዱእ ያደርጋሉ። ውሃ እንዳይባክን ብለው እዚች ሎሚ ላይ ነው የሚታጠቡት። እዚያችኛዋ ጋ ማን ይሄዳል? አንተ ክር አስረህ ከልክለሃል!"

ባሌ ደብተሩን አየ፤ ሎሚዋን አየ።

"በዚህ ፀሐይ አንድ ኩባያ!" ብዬ ጮህኩበት። "ለእናቴ ሎሚ!"

በማግስቱ ጠዋት ስወጣ ሲባጎው ተፈቷል። ባሌ ደረቋ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ከጀሪካን ውሃ እያፈሰሰላት ነው። ቀስ ብሎ "እንደምን አደርሽ?" ይላታል። አሳዘነኝ፤ ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ። በአህያ ጋሪ የሚመጣ ውሃ፣ ለሞተች!

ጀሪካኑን ከእጁ ቀማሁት።

"የተረፈውን ለእህቷ አጠጣ" አልኩት። "እንደምን አደርሽን ደግሞ ለእኔ።"