ደምሴ ድንጋይ የተሸከመልኝ ቀን

ወገኖቼ፣ ምስጋናዬን ይዤ ወደ መንደሬ ወደ ቀየት መመለስ አልፈልግም። እዚሁ በመካከላችሁ ላወርደው ነው የተነሳሁት። መጋቢው “አስካለ፣ አጠር አድርጊው” ብለውኛል፤ እሞክራለሁ። ገበያ ላይ የሚያውቁኝ ከወዲሁ እየሳቁ ነው። ይሳቁ፣ ቆሜ የማወራው ጌታ ስለረዳኝ ነው። ስሙ ይባረክ።

እኔ ባና ነጋዴ ነኝ። የመንዝን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ካልደረቡ አይነጋም። ኑሮዬ በምላሴ ነው፤ ደንበኛዬን አስቄ፣ ተቆጥቼ፣ ለምኜ እሸጣለሁ። ባሌ ደምሴ ደግሞ ዝምተኛ ነው። ቤት ውስጥ መኖሩ የሚታወቀው ሲያስለው ነው። ይሄ ዝምተኛ ሰው አንድ ቀን መጥቶ “አስካለ፣ ጌታን ተቀብያለሁ” አለኝ። እኔ ደግሞ ዓለም የተገለበጠ መሰለኝ። “አሰደብከኝ፣ ከዘመድ ለየኸኝ” ብዬ አኮረፍኩት። ለኔ ማኩረፍ እንዴት ከባድ እንደሆነ አስቡት። ለሱ የምለውን ሁሉ ለዶሮዋ እየተናገርኩ አሰማው ነበር። “አንቺ ዶሮ፣ እራቱ ቀርቧል፣ የሚበላ ካለ ይብላ” እላለሁ። እሱ ይበላና “እግዚአብሔር ይስጥልኝ” ብሎኝ ይነሳል። ዓመት አለፈን እንዲህ ስንኖር።

ከዚያ ራሴን ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ ብርድ ነው ብዬ ዳማከሴ ጨምቄ ጠጣሁ፣ ራሴን በሻሽ ጠፍሬ አሰርኩ። ወንድሞቼ ከጓሳ በኩል ጸበል ይዘውልኝ መጡ፤ ጠጣሁ፣ እግዜር ይስጣቸው። ሕመሙ ግን እየባሰ ሄደ። ጎንበስ ስል ዓይኔ ይጨልማል፣ ቀና ስል ያስመልሰኛል፣ ግራ እግሬን መጎተት ጀመርኩ። አንድ የገበያ ቀን ደንበኛ “ቀንሺልኝ” ሲለኝ ሳልከራከር ሰጠሁት። ጎረቤቶቼ ያን ጊዜ ነው የደነገጡት። “አስካለ ከተከራከረች ደህና ናት፣ ዝም ካለች ግን ልትሞት ነው” ተባባሉ።

ደምሴ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠራሁ፤ ግን የኛ አገር ሴት ሁሉ የምትሠራው ስህተት ነው። እናቴ ያሳደገችኝ ሐኪም ዘንድ መሄድ ሰው ፊት መቅረብ ነው ብላ ነው። ገላዬን ታጠብኩ፣ ጠጉሬን ቅቤ ተቀባሁ፣ የጥምቀት ቀሚሴን ለበስኩ። ሰው ፊት ማቃሰት ደግሞ ነውር ነው። ጥርሴን ነክሼ ድንገተኛ ክፍል ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

ነርሷ መጣች። “ምንሽን ነው?” አለችኝ። አንቺ ነው ያለችኝ፣ የልጄ እኩያ።

“ራሴን” አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። “ሠርግ ልትሄጂ ነው እንዴ? ይሄ ድንገተኛ ክፍል ነው። ራሱን የማያመው ማን አለ?” ብላ አለፈች። ከጎኔ እግሩ የተላጠ ጎረምሳ ቤቱን በጩኸት ሲያናውጠው እሱን አስቀድመው አስገቡት። እኔ እንደ ጨዋ ተቀምጬ እየሞትኩ ነው።

በመጨረሻ አንድ ሐኪም አስገባኝ። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ “ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ አለ?” አለኝ። መዋሸት አልወድም፣ “አለ” አልኩት። “በቃ ጭንቀት ነው” አለና ማስታገሻ አዘዘልኝ። ወገኖቼ፣ ጭቅጭቅ ራስ የሚያሳምም ቢሆን መታመም የነበረበት ደምሴ ነው።

ማስታገሻው አላስታገሰም። ቃል ይጠፋኝ ጀመር፤ “ውኃ” ልል አስቤ አፌ እንቢ ይለኛል። ደምሴ በባና ጠቅልሎ አቅፎኝ ሌላ ከተማ ወዳለ ትልቅ ሆስፒታል ወሰደኝ። እዚያም አንዱ ሲያስመልሰኝ አይቶ “ጨጓራ ነው” አለ። ሌላው “ስፔሻሊስት ለማየት ቀጠሮ ያስፈልጋል፣ ከወር በኋላ ኑ” አለ። ዘበኛው ደግሞ በሩን እንድንለቅ ገፋ ገፋ አደረገን። ደምሴ ግቢው ውስጥ ሣር ላይ ባናውን አንጥፎ አስተኛኝ። መናገር አልችልም፣ ግን እሰማለሁ፤ ባንድ ዓይኔም በጭላንጭል አያለሁ። ልሞት እንደሆነ አውቄዋለሁ። ፈራሁ።

ደምሴ ከጎኔ ተንበርክኮ ጥቂት ጸለየ። ከዚያ ተነስቶ ወደ አጥሩ ሄደ። ለግንብ ከተከመረው አንድ ትልቅ ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ ጫነ። እንደዚያ አጎንብሶ በሐኪሞቹ በር ላይ ቆመ።

እናንተ ታውቁታላችሁ። በኛ አገር ድንጋይ ተሸክሞ በር ላይ የሚቆም ሰው የበደለ ሰው ነው። ሰው የገደለ፣ ትዳር ያፈረሰ፣ እሱ ነው “ይቅር በሉኝ” ብሎ የሚሸከመው። ሳይሰሙት ማለፍ ነውር ነው። ዘበኛው እንኳ መግፋቱን ተወ። ያቺ ሳል ብቻ የነበረች ድምፅ ግቢውን ሞላችው። “ስለ እግዚአብሔር! ስለ እግዚአብሔር!” ይላል ደምሴ። እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

አንዲት ዶክተር እየሮጠች ወጣች። ያገራችን ልጅ ናት፣ የጊሼ ራቤል ተወላጅ፤ ድንጋዩን ስታይ ገብቷታል። “አባቴ፣ ምን አጥፍተው ነው?” አለችው።

“እኔ እንኳ አላጠፋሁም፣ ልጄ። ግን የታመመ ሰው እንዲህ የምትመልሱት ብትቆጡን ነው ብዬ ነው። ጥፋት ካለ በኔ ይሁን። እሷን እዩልኝ” አላት።

ዶክተሯ ድንጋዩን በገዛ እጇ ከማጅራቱ አወረደችለት። ነጭ ጋውኗ በአፈር ተበላሸ። ከዚያ ቀጥታ ወደኔ መጣች።

ወገኖቼ፣ እኔ ባና ላይ ተኝቼ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ከኛ ከሁለታችን የበደለው ማነው? ዓመት ሙሉ ያኮረፍኩት፣ ከዶሮ ያሳነስኩት እኔ ነኝ። ድንጋዩን የተሸከመው ግን እሱ ነው። “ኢየሱስ ያንተን ተሸከመልህ” እያሉ ሲሰብኩ ከመንገድ ዳር ሰምቼ አልፌአለሁ፤ ነገሩ አይገባኝም ነበር። እዚያ ሣር ላይ ገባኝ። አለቀስኩ፤ ቃል የለኝም እንጂ እንባ ነበረኝ። ጌታ ይባረክ፣ አሜን በሉ።

ዶክተሯ ዓይኔን በባትሪ አየች፣ እጇን እንድጨምቅ ጠየቀችኝ፣ እግሬን አነሳች። “ራሳቸውን የመታቸው ነገር ነበር?” ስትል ደምሴ አሰበና ሕመሙ ሳይጀምረኝ በፊት ከአይሱዙ ላይ ባና ሲወርድ አንድ ጥቅል አናቴ ላይ እንደወደቀ ነገራት። ስቄ የተውኩት ነገር ነበር፤ ጉዳዬም አላልኩት። ራሴን ፎቶ አስነሳችኝና ለደምሴ እንዲህ አለችው፦ “ደም ረግቶ አንጎላቸውን ተጭኖታል። አሁኑኑ ካልወጣ እናጣቸዋለን።”

ወደ ቀዶ ጥገናው ሲገፉኝ የደምሴን እጅ ያዝኩ። ከዓመት ኩርፊያ በኋላ ለሱ መጀመሪያ ያልኩት ቃል፣ ተንተባትቤ፣ “ያንተን… ጌታ… ጥራልኝ” የሚል ነው። ደምሴ ጎንበስ ብሎ ጸለየ። እኔ በልቤ “የኔንም ሸክም አውርድልኝ፣ ያንተ ነኝ” አልኩ። በሩ ተዘጋ።

ስነቃ ሁለቱም ዓይኖቼ ያያሉ። ደምሴን አየሁት፤ ማጅራቱ ተልጧል፣ ፊቱ በእንባ ርሷል። “ምነው፣ ምግብ አልበላህም እንዴ?” አልኩት። ቃሉ ሳይሰበር ወጣ። ሰውዬው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመኝ፤ የዋርዱ ነርስ “እማማ፣ እባክዎ ሌሎቹ ይተኙ” ብላ እስክትለምነኝ አወራሁ። ዶክተሯም መጥታ “ይጩሁ፣ ተያቸው፣ ድነዋል” አለቻት። ክብር ለስሙ ይሁን! በእሷ እጅ ያዳነኝ ጌታ ነው፤ የእሷንም እጅ ይባርክ።

ወንድሞቼ ሊጠይቁኝ መጡ። እነሱ ዛሬም እንደ አባቶቻችን ይጾማሉ፣ ያስቀድሳሉ። የሆነውን ሲሰሙ ግን የደምሴን ማጅራት ሳሙት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ኩርፊያ የለም። የመለሱኝን ሐኪሞች ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቶሎ አልተውኳቸውም። አልጋዬ ላይ ሆኜ በሐሳቤ ስሞግታቸው ሰነበትኩ፣ ሁልጊዜም እኔ እረታለሁ። ጌታ ግን “ላንቺስ በደልሽን ማን ተወልሽ?” አለኝ። ተውኩላቸው። እግሬ ዛሬ አይጎተትም፣ ራሴን አያመኝም፣ ገበያም ወጥቻለሁ።

እናንተ ሐኪም የመለሳችሁ፣ ዘመድ “ምንም የለባትም” ያላችሁ፣ ጌታ አልመለሳችሁም። ታመኑት። አንቺ ደግሞ፣ እዚያ መስኮቱ ሥር ነጠላሽን የተከናነብሽው እህቴ፣ ከገባሁ ጀምሮ እያየሁሽ ነው። ዝማሬው በጮኸ ቁጥር ራስሽን ትይዢያለሽ። “ምንም አይደል” አትበይኝ። ነይ ወደዚህ። አሁን እንጸልይልሻለን፣ ከዚያ እኔና ደምሴ ሐኪም ቤት ይዘንሽ እንሄዳለን። እስኪያዩሽ ድረስ ከበሩ አንነሳም። ነይ፣ እጅሽን ስጪኝ።