በሽማግሌ የተዘጋ አቤቱታ

ሚኒያፖሊስ አጠገብ ክሪስታል የምትባል ከተማ የነበረን ቤት ደረጃ አልነበረውም። ቤት የሚገዛ ሰው የሚያየው ጋራዡን፣ ወጥ ቤቱንና የጎረቤቱን ጠባይ ነው፤ እኛም ስንገዛው ደረጃ አለመኖሩን ልብ አላልነውም። የባለቤቴ ኩላሊት ሥራ አቁሞ ዲያሊሲስ መመላለስ ሲጀምር ግን ያ ቤት ምርኩዝ ሆነለት። ከመኝታ ክፍሉ እስከ መኪናው ግድግዳውን እየተደገፈ፣ የሰው ትከሻ ሳይለምን፣ ብቻውን ይደርስ ነበር። ስለዚህ ያን ሁሉ ክርክር ለገንዘብ የተከራከርኩ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። እኔ የተከራከርኩት ባሌ ብቻውን ስለሚሄድባት ኮሪደር ነው።

ክርክሩን ያመጣብንን ኢንሹራንስ የሸጠችልን አበልጄ ናት፤ ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝ። ቀን ቀን ሆስፒታል ወጥ ቤት ትሠራ ነበር፤ በጎን ላይሰንስ አውጥታ ኢንሹራንስ መሸጥ ጀመረች። ይህ ብርቅ አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት ሚኒያፖሊስ ከነበረው የእኛ ሰው ግማሹ ታክሲ ይነዳል፣ ግማሹ አረጋውያን ይንከባከባል፣ የተረፈው ደግሞ ለሁለቱ ቤትና ኢንሹራንስ ይሸጥላቸዋል። ባሌ ታክሲ ነጂ ነበር፣ እኔ ኒው ሆፕ አንድ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ነርሲንግ አሲስታንት። ለአበልጄ የተሰናዳን ገበያ ነበርን ማለት ነው።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ምሳ ልትበላ መጣች። ምሳው ሳያልቅ ቦርሳዋን ከፈተች።

«ስሙኝማ፣ የቤቱን ብድር፣ ሞርጌጁን፣ ሪፋይናንስ እናድርገው፤ በአዲስ ብድር እንለውጠው። ለባንኩ ኢንተረስቱን ብቻ ነው የምትከፍሉት። የተረፋችሁን በየወሩ እዚህ የሕይወት ኢንሹራንስ ፖሊሲ ውስጥ ታስገባላችሁ። እሱ ስቶክ ውስጥ ገብቶ ግሮው ያደርጋል። አንድ ቀን ሞርጌጁን በአንዴ ዘግቶላችሁ ለእናንተም ይተርፋል።»

«ቢቀንስስ?» አላት ባለቤቴ።

«አይቀንስም አልኩህ እኮ! ደግሞ አንተ አንድ ነገር ብትሆን ቤቱ ነጻ ይወጣል። ችግር ቢመጣም የራሳችሁ ብር አይደል? ኮል አድርጋችሁ ታወጡታላችሁ።»

ወረቀቱ ብዙ ነበር። ላንብበው ብል የሚከለክለኝ ሰው የለም፤ እንግሊዝኛውም ጨርሶ አያቅተኝም። ግን ልጅሽን ከቄሱ እጅ ተቀብላ ያቀፈች ሴት ቤትሽ ተቀምጣ፣ ገበታው ገና ሳይነሳ፣ አንቺ ወረቀት እያገላበጥሽ ልታነቢባት? እኛ ዘንድ ይህ በግልጽ «አላምንሽም» ከማለት አይለይም። ስድቡም በገዛ ቤትሽ፣ በገዛ ማዕድሽ ላይ ሊሆን ነው። አበልጄ ጣቷን በየገጹ እያሳረፈች «እዚህ፣ እዚህ፣ አሁን ደግሞ እዚህ» ስትል እኛ በአንድ እጃችን እየጎረስን በሌላው ፈረምን። ከፊርማዬ ሥር የወጥ ጠብታ አረፈ። ላብሰው ስል «ተይው፣ ይደርቃል» ብላ አጠፈችው።

ለጥቂት ዓመታት ከፈልን። በየሦስት ወሩ በፖስታ የሚመጣውን መግለጫ ሳንከፍት መሳቢያ ውስጥ እናጠራቅም ነበር። አበልጃችን እያለች እኛ ምን ቤት ነን ብለን።

ከዚያ የባለቤቴ ኩላሊት ታመመ። መጀመሪያ ሺፍት ቀነሰ፣ በኋላ ታክሲውን መለሰ። በዚያው ሰሞን ለባንኩ ወለድ ብቻ የምንከፍልበት ጊዜ አበቃና ወርኃዊ ክፍያው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የስቶክ ገበያውም በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት ተንኮታኮተ። ያቺ «የራሳችሁ ብር» የተባለችው ቀን መጣች ብዬ ለኩባንያው ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሑት ነበረች። ኮሚሽኑን፣ የኢንሹራንሱን ዋጋ፣ ውሉን ቀድሞ ለማፍረስ የሚቆረጠውን ቅጣት አንድ በአንድ አስረዳችኝ። ሁሉ ተቀንሶ የሚደርሰን የአንድ ወር የቤት ክፍያ እንኳን አይሞላም። ሺህ ቢታለብ ያው በገሌ አለች ድመት። መሳቢያውን ከፍቼ እነዚያን ፖስታዎች ያን ቀን አነበብኳቸው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ለአበልጄ ደወልኩላት።

«እኔ ስቶክ ማርኬቱን ኮንትሮል አላደርግ!» አለችኝ። «ደግሞ ሁሉም እኮ ወረቀቱ ላይ አለ። ሳይን ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ።»

ይቅርታ ብትለኝ፣ «አበልጄ፣ እኔም አላወቅኩም፣ ለእኔም እንዲህ ብለው ነው ያስተማሩኝ» ብትለኝ ምናልባት አልቅሰን እንተወው ነበር። እውነቱም እሱ ሳይሆን አይቀርም። «ወረቀቱ ላይ አለ» ስትል ግን ደሜ ፈላ። ወረቀቱን እንዳላነበው ያደረገኝ የእሷ አበልጅነት አይደለም?

የምሠራበት ቤት የነበረች ሶሻል ወርከር፣ የስቴቱ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ ቢሮ እንዲህ ያለ አቤቱታ እንደሚቀበልና ክፍያ እንደሌለው ነገረችኝ። ሞልቼ ላክሁ። አበልጄ ለብዙ የማኅበራችን ሰዎች ያንኑ ፖሊሲ ሸጣ ስለነበር አብረውኝ እንዲፈርሙ በየቤታቸው ደወልኩ። ሁሉም ተቃጥለዋል፣ ሁሉም ረግመዋታል፣ የፈረመ ግን የለም። አንዷ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ አቅፋ ስማኝ «በርቺ እህቴ፣ ያንቺ ወኔ ይሰጠኝ! እኔን ግን አታስገቢኝ» አለችኝ። ወኔዬን እያደነቁ ብቻዬን ላኩኝ።

ቢሮው ውስጥ ጉዳዩን የያዘው ሰው የኩባንያውን መልስ ኮፒ ላከልኝ። «አንብቤ ተረድቻለሁ» ከሚለው ዓረፍተ ነገር በታች ፊርማዬ አለ፤ ከሥሩ የወጡ ጠብታ ፎቶኮፒው ግራጫ አድርጎት ተቀምጧል። ደውዬ ምን እንደሆነ ነገርኩት። «ይሄ ምስክሬ ነው፤ እየበላ የሚፈርም ሰው አላነበበም» አልኩት። ሳቀ፣ ግን የንቀት ሳቅ አልነበረም። ይህንኑ ጽፈሽ ላኪልኝ አለኝ። ቀጥሎም እንዲህ ያለ ፖሊሲ የእኛ ዓይነት ገቢ ላለው ቤተሰብ መሸጥ እንዳልነበረበት፣ አበልጄን ጠርቶ እንደሚጠይቃት፣ ኩባንያው የከፈልነውን እንዲመልስ ሊደረግ እንደሚችል ነገረኝ። ያ ገንዘብ ቢመለስ የባለቤቴ የአካል ጉዳት ድጎማ እስኪፈቀድ ቤቱን ያቆይልናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች በረዶ እየረገጡ መጥተዋል፤ የነፍስ አባታችን፣ ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ምግብ ቤት ያላቸው ጋሼ፣ ሌላ ብዙ የማይናገሩ አዛውንት። ገቡ፣ ግን ኮታቸውን አላወለቁም። ተቀመጡ ስንል ቆመው ቀሩ።

«እሺ ሳትሉን አንቀመጥም» አሉ ቄሱ።

ለምን እንደመጡ ገብቶኛል። ባለቤቴ ከወንበሩ ሊነሳላቸው እየታገለ ነበር።

«ላይሰንሷን ሊነጥቋት ነው፣ ልጄ። ሦስት ልጅ አላት፤ ያንቺ ስትጨመር አራት። ተሳስታለች፣ አምናለች። ያስገባችሁትን እየከፋፈለች ከኪሷ ልትመልስ መስቀል መትታ ምላለች። አንቺ ደግሞ አቤቱታውን አንሺ።»

«እሺ አባቴ» አልኩ። «እንግዲያው በወረቀት ይሁንና እሷም እናንተም ፈርሙበት።»

አንድ ጊዜ በማዕድ ፊት ወረቀት ባለማንበቤ ተቃጥያለሁ፤ አሁን በሽማግሌ ፊት ወረቀት ስጠይቅ የባሰ ነውር ሆነ። ጋሼ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«እኛን ነው ሳይን የምታስደርጊው? እዚህ አገር ስንት ትዳር፣ ስንት ቢዝነስ አስታርቀናል፤ ማን ነው ወረቀት የጠየቀን?»

«ጋሼ፣ እርስዎን ሳላምን ቀርቼ አይደለም...»

«ተይ እንጂ!» አለ ባለቤቴ። ላቡ በግንባሩ ወርዷል። «ሰው ቆሞ! እሺ ብለናል አባቴ፣ እሺ ብለናል፣ ተቀመጡ።»

ተቀመጡ፣ መረቁን፣ ሻይ ጠጡ። ሲሄዱ ባለቤቴ ላይ አበድኩ። ልጃችን እስክትሰማን ጮህኩ።

«ነገ ስሞት የሚቀብረኝ ቢሮው አይደለም» አለኝ። «እነዚህ ናቸው።»

የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰበሰብኩ።

ሰኞ ዕለት ጉዳዩን በስምምነት ጨርሰናል ብዬ ጻፍኩ። የቢሮው ሰው ደወለልኝ። ስምምነቱ በጽሑፍ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም፣ ትላልቅ ሰዎች ናቸው የዳኙን አልኩት። እንደፈለግሽ ብሎ ፋይሉን ዘጋ።

አበልጄ አንድ ጊዜ ከፈለች። ለሁለተኛው ጊዜ ግማሹን በሰው ላከች። ከዚያ ስልኳ አይነሳም፤ በኋላም ቤተሰቧን ይዛ ቴክሳስ መግባቷን ከሰው ሰማን። እንደገና ቢሮው ደወልኩ። ኩባንያው «ጨርሰናል» የሚለውን የራሴን ደብዳቤ እንደያዘ ሰውየው ነገረኝ። ቢያንስ የስምምነቱን ቃል የሰሙ ሰዎች ጽፈው ከፈረሙልሽ እንደገና ልከፍተው እሞክራለሁ አለኝ። ሦስት ምስክር! በዚያች ደቂቃ ቤቱ የተመለሰልን መስሎኝ ነበር።

ከሥራ በቀጥታ ስኔሊንግ ሄድኩ። ጋሼ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ቆመው ነበር፤ ሲያዩኝ ቀለማቸው ጠፋ። አበልጄ ቃሏን በማጠፏ ተቆጥተዋል፣ አፍረዋል፣ ዳግመኛ ፊቷን አላይም ብለዋል። ፊርማውን ስጠይቃቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኛ ለእርቅ ነው የገባነው፣ ልጄ። ለክስ አይደለም። የእርቅ ነገር ወደ ቢሮ አይወጣም።»

ቄሱን ቤተ ክርስቲያን ጓሮ አገኘኋቸው። እሳቸውስ አለቀሱ። «ሽማግሌ ሄዶ ከመሰከረ» አሉኝ፣ «ከዚህ በኋላ ማን ሽማግሌ ያስገባል? ማን ልቡን ይከፍትልናል?» ብዙ ሌሊት አስቤዋለሁ፤ ያሉት ስህተት አይደለም። ስህተት ቢሆን ኖሮ ጠልቻቸው ይወጣልኝ ነበር። ሦስተኛውን አዛውንት ሳልጠይቃቸው ቀረሁ፤ የሰው ፊት እሳት ነው፣ ሁለቴ ተቃጥዬ ሦስተኛውን አልቻልኩም።

ክፍያው ስላቃተን ባንኩ ቤቱን በሸሪፉ በኩል በጨረታ ሸጠው። እስክንለቅ የተሰጠን ጊዜም አለቀ። ያን ቀን ማን እንደመጣ ልንገራችሁ፤ እነዚያው ሽማግሌዎች ልጆቻቸውን አስከትለው፣ የምግብ ቤቱን ቫን ይዘው መጡ። አልጋችንን ተሸከሙ። ጋሼ ምግብ በትሪ ይዘው መጥተው ነበር። እኔም አመሰገንኳቸው፣ ምን ላድርግ፣ ሌላ ሰውማ አልመጣም። ኒው ሆፕ ያገኘነው አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ነበር፣ የታችኛው ስላልነበረ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ያለ እኔ ወይም ያለ ልጃችን ከቤት ወጥቶ አያውቅም። እኔ ሺፍት ላይ ከሆንኩ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

አንድ ጠዋት ለዲያሊሲስ ሳሰናዳው ስልኩ ጮኸ። ተንበርክኬ ጫማውን እያሰርኩለት ስለነበር እሱ አነሳው። ፊቱ በራ።

«እንዴት ነሽ አበልጄ! ልጆቹ ደህና? ባለቤትሽስ?... እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን... አዎ፣ ትልቅ ልጅ ሆናለች፣ እስምልሻለሁ... አሜን፣ አሜን፣ አንቺንም።»

ስልኩን ዘጋ። እጄ የጫማው ክር ላይ ቀርቷል።

«ምን አለችህ?»

«እንዴት ናችሁ አለች።»

«ስለ ቤቱ ነገርካት?»

«አይ» አለ። «ትደነግጣለች።»

ከእሷ ይልቅ እሱን የጠላሁት ያን ጠዋት ነው። ሰዓቱ ሊያልፍብን ስለነበር ኮቱን አለበስኩት።