ዶሮ ያለበት ሰልፍ

የኦልጊን ከተማ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ሊዮካዲያ ያነበበችውን የልጆች ልብ ወለድ ለሌላው ካላስነበበች እንቅልፍ አይወስዳትም። ወደ ቤተ መጻሕፍቷ ዝር የሚል ሰው ሲጠፋ እህቶቿን ደጃፉ ላይ አሰለፈቻቸው። የኦልጊን ሰው ሰልፍ ካየ ምን እንደሚሸጥ ሳያጣራ «መጨረሻ ማነው?» ብሎ ይቆማል። ሰልፉ ወዲያው ጎዳናውን ሞላው።

ሽማግሌው ኤውሴቢዮ ተራቸው ሲደርስ ዘንቢላቸውን ከፈቱ። «ዶሮ መጣ አሉ።»

«አለች አባባ፤ ምዕራፍ ሦስት ላይ» ብላ ስለ አንዲት ደፋር ዶሮ የሚተርክ ልብ ወለድ ከተተችላቸው።

እያጉረመረሙ ሄዱ። በሳምንቱ የቤታቸውን ዶሮ በብብታቸው ይዘው መጡ።

«በአንቺ ጦስ ይቺን ማረድ አቃተኝ፤ ጭራሽ ስም አወጣሁላት። በይ ሌላ መጽሐፍ ስጪኝ። የአሳማ ታሪክ ግን ዋ፤ ለአዲስ ዓመት ያሰብኩት ጥብስ አለ።»