የእህቴን ሞት የለፈፈው ሰው

ባለፈው ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ታላቅ እህቴ ሙሉነሽ አረፈች። አላለቀስኩም። ፊቷን ሸፈንኩ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ጫማዬን አሰርኩና ወደ እድራችን ጥሩምባ ነፊ ወደ አለነ ቤት ሄድኩ።

አለነ ጥሩምባውን ከግድግዳው አወረደና ቆመ...

«የማን እናት ልበል መምህር?»

«ልጅ የላትም።»

«የማን ሚስት?»

«አላገባችም።»

«አንቱ... ታዲያ ለማን ብሎ ሰው ይውጣ?»

እውነቱን ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሰው ለቀብር የሚወጣው የሚያውቀው ስም ሲጠራ ነው። እህቴ ደግሞ ዕድሜዋን አዲስ አበባ ጨርሳ በጡረታ የተመለሰች ናት። ከቤቴም ብዙ አትወጣም ነበር። ያለ ሸኚ ልትቀበር ነው ብዬ አሰብኩ። ፈራሁ ማለት ግን አልችልም፤ ምንም አይሰማኝም ነበር።

«እንዲህ በል» አልኩት። «ኮምፒውተር አንድ ሙሉ ክፍል በሚይዝበት ዘመን፣ ኮቦል በሚባል ቋንቋ ማሽኑን ታዝዝ የነበረች። በመሥሪያ ቤቷ የመጀመሪያዋ ሴት። ኋላ የመጡትን ወንዶች ያስተማረች።»

አስደገምኩት። አንድም አልሳተ።

«ይሄን ሁሉ በጥሩምባ?» አለኝ። «ሰዉ እኮ ገና ከመኝታው አልተነሣም መምህር።»

ቤት ተመልሼ በሬ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ጥሩምባው ተነፋ... ከዚያ የአለነ ድምፅ መጣ።

«የመምህር እህት አርፈዋልና ቀብር ውጡ!»

በቃ። ስሟ እንኳ የለበትም። እህቴ «ማሽን ያዘዙትን እንጂ ሌላ አይሠራም» ትል ነበር። አለነ ማሽን አይደለም።

ሰው ግን ጎረፈ። በስልክ ተጠራርተው ከማንኩሳና ከጅጋ ሳይቀር መጡ፤ አብዛኞቹ ያስተማርኳቸው ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞላ። እጄን እየያዙ «እግዜር ያጥናዎ» አሉኝ። ስለ እሷ ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ሰው የወጣው ለእኔ ቀብር፣ የተቀበረችው ግን እሷ መሰለኝ።

ከቀብር ስንመለስ አለነ ከጎኔ መጣ።

«አዩ መምህር? ግቢው ሞላ።»

«አየሁ። የኔ ቀን ሲመጣ ግን ‹የኮምፒውተር ባለሙያዋ የሙሉነሽ ወንድም› ብለህ ልፈፍ።»

ደነገጠ።

«እሳቸውን ማን ያውቃቸዋል? ሰው ያንስብዎታላ!»

ይነስ።