ማልያውን ሳልይዝ ተመለስኩ

ጨዋታው እንዳለቀ ለልጄ «ማልያህን አምጣ እንጂ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። «እማዬ፣ የክለቡ ካምፕ እኮ አጣቢ አለው» ብሎ ሳመኝ።

ዛሬ የክለባችን የታናናሽ ቡድኖች ውድድር ተጀመረ። ትንንሾቹ ሦስት ለዜሮ ተሸነፉ፤ ታዳጊዎቹ አንድ እኩል ወጡ። የኔው ያለበት ተስፋ ቡድን ግን ሁለት ለአንድ አሸነፈ። አንዷን ያገባት እሱ ነው!

አሠልጣኙ «እትዬ፣ ለፋሲካ ዋናው ቡድን ይገባል» አሉኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። ግን ከዛሬ ጀምሮ የሚያድረው ካምፕ ነው።

ከጦር ኃይሎች ኮልፌ ድረስ በሰይቼንቶ ታክሲ ብቻዬን መጣሁ። ለማልያው ብዬ ሳሙና ገዝቼ ነበር፣ አይ የኔ ነገር!

ቤቱ ጭር ሲልብኝ ንጹሑን ነጠላዬን ዘፍዝፌ አጠብኩት።

እናንተስ፣ ልጃችሁ ከቤት የወጣ ዕለት እጃችሁን ምን አስያዛችሁት? እስቲ አውሩኝ።