ቅዳሜ ቅዳሜ የሚተረተር ገበር

እኒህ ሽማግሌ አላማሩኝም። ባርኔጣቸው ከክራባታቸው፣ ክራባታቸው ከካልሲያቸው ይስማማል፤ ጫማቸው ፊት ያሳያል። ታዲያ የዚህ ሽቅርቅር ሰው ኮት ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ገበሩ የሚተረተረው ለምንድን ነው?

«ልጄ፣ ደግሞ ለቀቀ» ይሉኛል።

እኔ የሰፋሁት በሃያ ዓመት ለቆ አያውቅም። ስሜን ሊያጠፉ ይሆን? ወይስ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ልኳቸው ነው? ሰፍቼ እስክጨርስ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ደንበኛዬን ሁሉ ያዋራሉ። የማን ልጅ እንደታመመ፣ ማን እንደታጨች ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ዛሬ ክሩን ልብ ብዬ አየሁት። አልተበጠሰም፤ በምላጭ ተቆርጧል። አውራ ጣታቸው ላይ ያለው ፕላስተር ያኔ ገባኝ። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«ቀስ ብለህ ስፋው ልጄ» አሉ፣ ክራባታቸውን እያስተካከሉ፤ «ዛሬም አልቸኩልም።»

በእጅ ሲስቡት እንዲለቅላቸው፣ ስፌቱን ላላ አደረግሁት።