የጥይቱ ጣሳ

ጫማ ሰሪውን በሰፈሩ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ትንሹም ትልቁም «ጋሽ አንድ ጥይት» ነው የሚላቸው። ስሙ በጀግንነት የወጣላቸው መስሎት የሚጠይቅ እንግዳ አይጠፋም፤ እሳቸው ታዲያ ከሚሰፉት ሶል ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ «ሁለተኛ የሚሰጠኝ ስላልነበረ ነው» ብለው ያልፉታል።

እውነታቸውን ነው። እሳቸው ጎረምሳ በነበሩበት ዘመን ከከተማዋ ጀርባ ያለውን ሸለቆ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት አልነበረም። አጥር የለ፣ ዘበኛ የለ፣ ማኅተም የለ። የነበረው አንድ አሮጌ የብስኩት ጣሳ ነው። ጣሳው የሚቀመጠው በፀጉር አስተካካዩ ሱቅ፣ ከመስታወቱ ሥር፣ ከምላጩና ከመቀሱ ጎን ሲሆን፣ ሃያ ምናምን የሚሆኑት የከተማዋ አዳኞች ጥይታቸውን አንድም ሳያስቀሩ እዚያ ያስረክባሉ። የአደኑ ወራት ሲገባ ቅዳሜ ጠዋት እየመጡ አግዳሚው ላይ ተራ ይጠብቃሉ፤ ፀጉር አስተካካዩም ለእያንዳንዱ አንድ ጥይት ያወጡለታል። አንድ ብቻ። ስቶ የተመለሰ አንገቱን ደፍቶ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ይቆያል።

ጥይቱን ሳይተኩስ ይዞ የተመለሰ ሰው ግን የተለየ ክብር ነበረው። ፀጉር አስተካካዩ ጥይቱን ይቀበሉትና ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው «ተመላሽ!» ይላሉ። ጣሳው ውስጥ ቋ ያደርጉታል። ከዚያ ሰውየውን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ጺሙን በነፃ ይላጩታል። እርጉዝ አይቶ ይሁን የተወው፣ ነፋሱ አላምር ብሎት ይሁን፣ ወይም እንዲሁ ሆዱ እንቢ ብሎት፣ ምክንያቱን የሚጠይቀው የለም። ጋሽ አንድ ጥይት በዚያ ወንበር ላይ በነፃ የተላጩት ብዙ ጊዜ ነው። እንዲያውም ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሸለቆ የምትወርደው ለሥጋ ነው ወይስ ለመላጨት?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ያ ዘመን ደግ ነበር። ደግ ሆኖ ግን አልቆየም። መንገዱ ሲሠራ ባለመኪኖቹ መጡ። ጣሳውን አያውቁ፣ ፀጉር አስተካካዩን አያውቁ፤ ጥይት የያዙት በካርቶን ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ድሮ ውሃ ሊጠጣ ሲወርድ አቧራው ከሩቅ የሚታየው የአጋዘን መንጋ ሠላሳ እንኳ የማይሞላ ሆነ። መሥሪያ ቤት ይቋቋምልን፣ ሸለቆው ይጠበቅልን ብለው የፈረሙት ራሳቸው የጣሳው ሰዎች ናቸው። ጫማ ሰሪው በፊርማው ዝርዝር ላይ ሦስተኛ ነበሩ፤ ይህን ዛሬም አይክዱም።

የመጀመሪያው ዓመት የአደን ፈቃድ ዋጋው የአንድ ጥንድ ጫማ ሶል ማስቀየሪያ ነበር። እሳቸው ነገሩን ሁሉ የሚለኩት በጫማ ነው። ቆይቶ አሥር ጥንድ ሆነ። ሸለቆው ለአንድ ድርጅት በኪራይ ሲሰጥ መቶ አርባ ጥንድ ገባ። ከተማው በሙሉ በአንድ ቀን ሶሉ ቢያልቅበት እንኳ እሳቸው በስድስት ወር ሰፍተው አይጨርሱትም። ድርጅቱ ሸለቆውን አጠረው፤ ለጉብኝት እንኳ አይከፍትም። የሚገባው ባለፈቃዱና አንድ አጃቢው ብቻ ነው፣ ያውም ለአንድ ቀን። ከርቀት የሚመጡ ሰዎች ከፍለው ይገባሉ፣ ቀንድ ይዘው ይሄዳሉ። ጣሳው ባዶውን መስታወቱ ሥር ቀረ፤ በኋላ ፀጉር አስተካካዩ የአዝራርና የቁልፍ ማስቀመጫ አደረጉት።

የሚገርመው፣ በመሥሪያ ቤቱ መስኮት ተቀምጣ ፈቃዱን የምትጽፈው የገዛ ልጃቸው ናት። እሑድ እሑድ ምሳ ሊበሉ ሲቀመጡ አባትና ልጅ ይገጥማሉ።

«አባዬ፣ ጣሳው የሠራው ሃያ ስለነበራችሁ ነው» ትላለች። «አሁን ጠመንጃ ያለው ሰው ስንት ነው? ሁሉንም ፀጉር አስተካካይ ቤት ላሰልፈው?»

«ተቆጣጠሩ፣ ማን አትቆጣጠሩ አለ? ግን በዋጋ ስትቆጣጠሩ እኮ የሚቀረው ጨካኙ አይደለም፣ የሌለው ነው።»

«ሠላሳ የማይሞሉት አጋዘኖች ሁለት መቶ ገብተዋል።»

ይህን ሲሰሙ ደስም ይላቸዋል፣ ሆዳቸውም ይብሳል። ሁለት መቶ ገብተዋል፤ እሳቸው ግን አንዱንም አላዩም።

ነገሩ እንዲህ እንዳለ ፀጉር አስተካካዩን ዓይናቸው ከዳቸው። መጀመሪያ የአንድ አስተማሪ የጆሮ ጫፍ ቆረጡ። «አስተማሪ ጆሮ ምን ያደርግለታል፣ የሚናገረው እሱ!» ብለው ሊያስቁ ሞከሩ፤ የሳቀ የለም። በዚያው ሳምንት ምላጩን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ሐኪሙ ዓመቱ ሳያልቅ ብርሃናቸው እንደሚጠፋ፣ ቀዶ ጥገናም እንደማይመልሰው ሳይሸፋፍን ነገራቸው። ሱቁን ግን አልዘጉም። ጫማ ሰሪው ማምሻውን ማስቲሽ የነካካውን እጃቸውን ታጥበው ይመጣሉ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የድሮውን ያነሣሉ፣ ይጥላሉ።

አንድ ማክሰኞ ፀጉር አስተካካዩ እንዲህ አሉ፦ «ሌላው ሌላው ምንም አይቆጨኝም። የሰው ፊት እንደሆነ ስላጭ ኖሬ ጠግቤዋለሁ። አውራው አጋዘን ጠዋት ውሃ ሊጠጣ ሲወርድ አንድ ጊዜ ባየው ኖሮ።»

ጫማ ሰሪው ሌሊቱን ይህንኑ ሲያስቡ አደሩ። ጠዋት ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ጠመንጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ መሣሪያ መሸጫው ሄዱ። አጎታቸው ያወረሷቸው ነው፤ በየወሩ ሲወለውሉት ነው የኖሩት። ሻጩ አገላብጦ አየውና «አባት፣ እንዴት እንዲህ አዲስ ሊሆን ቻለ?» አላቸው። «ብዙ አልጮኸም» አሉት። ከሱቁ ሲወጡ ትከሻቸው ቀለላቸው። ያስለቀሳቸው ይኸው መቅለሉ ነው።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ልጃቸው መስኮት ሄዱ። እሷ በሥራ ቦታ አባቷንም እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ነው የምታስተናግደው።

«የመሣሪያዎ ቁጥር?»

«የለም ብለሽ ጻፊ።»

ቀና አለች። ገንዘቡን አየች፣ ባዶ ትከሻቸውን አየች። ባለጉዳይ መሆናቸው ያኔ ቀረ። «አባዬ፣ የአጎትህን ጠመንጃ ሸጥከው?»

«ያለ ጠመንጃ ማደን ክልክል ነው የሚል አንቀጽ ካለ አሳዪኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም? እኔ እከፍልልህ ነበር እኮ።»

«ልጆችሽን በምን ልታስተምሪ? ደግሞስ ፈቃድ ጸሐፊዋ ለአባቷ ፈቃድ ገዛች ቢባል፣ የሰው አፍ ይዘጋል?»

መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አገላበጠችው። እንዲህ ያለ አዳኝ ይመጣል ብሎ ያሰበ ሕግ አውጪ አልነበረም። የዓመቱ አሥራ ሁለተኛና የመጨረሻው ፈቃድ ነበር፤ በአንድ ፈቃድ አንድ አውራ። ማኅተሙን መታችና ወረቀቱን በመስኮቱ ሰጠቻቸው።

ቅዳሜ ገና ሲነጋጋ ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በሩ ላይ ደረሱ። የድርጅቱ ዘበኛ ወረቀቱን አየ፣ እነሱን አየ፣ መልሶ ወረቀቱን አየ።

«አባት፣ የያዙት መሣሪያ የታል?»

«የያዝኩት ይኸን ሽማግሌ ነው» አሉ ጋሽ አንድ ጥይት። «ወረቀቱ ልክ ከሆነ አሳልፈን፣ ፀሐይዋ እየቀደመችን ነው።»

ወረቀቱ ልክ ነበር። አጥሩ የማያውቀውን መንገድ እግራቸው ያውቀዋል። ከጅረቱ በላይ ካለው ድንጋይ ሥር፣ ድሮ በሚቀመጡበት፣ ነፋሱን ፊት ለፊት አድርገው ተቀመጡ። ድንጋዩ ላይ የድሮ አዳኞች ጀርባ ያለሰለሰው ቦታ እንደነበረ አለ። ስንቶቹ ዛሬ አፈር ሆነዋል!

እንስቶቹ ቀድመው ወረዱ። ቆይቶ አውራው መጣ። ቀንዱ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ፣ አንገቱ ሙሉ፤ ቆመ፣ አሸተተ፣ ቀረበ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሲጠጣ የሚውጠው ውሃ ድምፁ ይሰማል። የጋሽ አንድ ጥይት ቀኝ እጅ ሳያዙት ወደ ትከሻቸው ወጣ፤ የሚይዘው ሲያጣ እዚያው ትንሽ ቆየና ወረደ።

«አየኸው?» አሉ በሹክሹክታ።

የፀጉር አስተካካዩ ጉንጭ ረጥቧል። «አየሁት» አሉ።

ጥላውን ይሁን ቀንዱን፣ ድምፁን ብቻ ይሁን፣ ጫማ ሰሪው አልጠየቁም። በድሮው ሥርዓትም ቢሆን የማይጠየቅ ነገር አለ።

ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ የጫማ ሰሪውን ልጅ በፀጉር አስተካካዩ ሱቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አገኟት። ቅጹን ይዛለች፤ ፈቃዱ በዚያው ቀን መዘጋት አለበት።

«ሁለት ቦታ ብቻ ነው ያለው» አለች። «ተገድሏል ወይም ስቷል። የቱ ላይ ምልክት ላድርግ?»

«ሁለቱም አይደለም» አሉ አባቷ።

«ተመላሽ በይ» አሉ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ ይመስል ጮክ ብለው።

ልጅቷ አባቷን አየች። ከዚያ በቅጹ ህዳግ ላይ፣ መሥመር በሌለበት፣ «ተመላሽ» ብላ በእጇ ጻፈችና ፈረመች። ከአሥራ ሁለቱ አውራዎች አንዱን ዘንድሮ ማንም አይነካውም ማለት ነው። ፀጉር አስተካካዩ ጣሳውን በዳሰሳ አግኝተው አዝራሩን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ገለበጡ፤ ጊዜው ያለቀበትን ፈቃድ አጥፈው ከተቱበት። ወረቀት ድምፅ የለውም። በጣታቸው ጣሳውን ቋ አደረጉት።

«በል ተቀመጥ፣ ሕግ ሕግ ነው» አሉና መሳቢያውን ከፍተው ምላጩን ይፈልጉ ጀመር።

ልጅቷ ደንግጣ ብድግ አለች። ጋሽ አንድ ጥይት ቆዪ በሚል እጃቸውን አነሡላት። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ደገፍ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።